ከጨጓራ ቀዶ ሕክምና በኋላ ከሰው ጋር ማዕድ መቅረብ ከብዶኛል፤ ያለፋችሁበት ወንድሞች ምከሩኝ

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ነጋዴ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜዬ 43 ዓመት ሲሆን ደሴ ፒያሳ አካባቢ በጨርቃ ጨርቅ ንግድ እተዳደራለሁ። ከአራት ወር በፊት አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ የግል ሆስፒታል ስሊቭ የሚባለውን ጨጓራን የማሳነስ ቀዶ ሕክምና አድርጌያለሁ። በጊዜው ክብደቴ 138 ኪሎ ነበር፤ የስኳር በሽታ ነበረብኝ፤ ሌሊት ሳንኮራፋ ትንፋሼ እየተቋረጠ ባለቤቴ ስትቀሰቅሰኝ ታድር ነበር። ዛሬ 108 ኪሎ ነኝ፤ ቀድሞ ሁለት ጊዜ እየቆምኩ እወጣው የነበረውን የሰፈሬን ዳገት ሳላርፍ እወጣለሁ፤ ባለቤቴም እንቅልፏን አግኝታለች።

ስለ ቁስሉና ስለ አመጋገቡ ሐኪሞቹ በሚገባ ነግረውኛል። ያልነገሩኝ ሰው መሃል እንዴት እንደምኖር ነው። በቅርቡ ለቅሶ ቤት ተቀምጬ ሦስት ጉርሻ ያህል ቀምሼ እጄን ስሰበስብ፣ እንደ አባቴ የማከብራቸው አንድ ሽማግሌ በሰው ፊት «ልጄ፣ ምን አገኘህ? ሳይመሽ ተመርመር እንጂ» አሉኝ። በእኛ ዘንድ ወንድ ቦርጭ ሲያወጣ «ተመቸው» ይባላል፤ ሲከሳ ግን ወይ ከስሯል፣ ወይ የማይነገር ሕመም ይዞታል ተብሎ ይታዘንለታል። ዕቃ በዱቤ የሚሰጠኝ አከፋፋይ እንኳ ደውሎ ደህንነቴን ከጠየቀኝ በኋላ ቀሪ ሂሳቡን ከቀኑ ቀደም ብዬ እንድከፍለው ለመነኝ። ይህ ከሁሉም በላይ አሳዝኖኛል።

የጽዋ ማኅበራችን ተራ በሚቀጥለው ወር እኔ ቤት ነው። ሌላውን «ብሉልኝ፣ ጠጡልኝ» እያልኩ እኔ ሳልበላ እንዴት አስተናግዳለሁ? ሌላም አለ፤ ፊት ለፊት የማልናገረውን በጽሑፍ ልድፈረው፦ ፀጉሬ ማበጠሪያ ላይ እየቀረ ነው፤ ከባለቤቴ ጋር ለመቅረብ ያለኝ ፍላጎትም ከቀዶ ሕክምናው ወዲህ ቀዝቅዟል። ይህ የሚመለስ ነገር ነው?

መልስ 1፦ የሐረጎ መንገደኛ (ኮምቦልቻ)

ወንድሜ፣ እኔ 54 ዓመቴ ነው። ብዙ ዓመት ጅዳ ሠርቼ ወደ ኮምቦልቻ ከመመለሴ በፊት እዚያው ይህንኑ ስሊቭ አድርጌ ነበርና አሁን አምስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። የመጀመሪያውን ዓመት እኔም ደብቄ ነበር። አንድ ሰርግ ላይ የሙሽራው አጎት በእጃቸው ሲያጎርሱኝ እምቢ ማለት ነውር መስሎኝ ሁለት ትልልቅ ጉርሻ በላይ በላዩ ዋጥሁ፤ ምግቡ ደረቴ ላይ ቆሞ ላብ በላብ ሆንኩ፤ ከድንኳኑ ጀርባ አስመልሼ ስመጣ እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ በሽተኛ መሆኔን ያረጋገጠ ያህል በሐዘን ተመለከተኝ። የሸሸሁትን ወሬ በገዛ እጄ አመጣሁት።

ከዚያ ወዲህ አንድ አጭር ንግግር አዘጋጀሁ፤ «ለስኳሬና ለትንፋሼ ብዬ ጨጓራዬን በቀዶ ሕክምና አሳንሻለሁ፤ ደህና ነኝ፤ የምበላው ግን ትንሽ ነው» እላለሁ፤ ከዚህ በላይ አላብራራም። ግብዣ ስጠራም አስቀድሜ ለቤቱ እመቤት እነግራለሁ። ሰው የሚከፋው የተናቀ ሲመስለው ነውና፣ ምክንያቱን አስቀድማ ያወቀች እመቤት ሌሎቹ ሲያስጨንቁኝ ራሷ ትከላከልልኛለች። ለአከፋፋይህም እንዲሁ ንገረው፤ ዱቤ የሚሰጥ ሰው የሚፈራው ያላወቀውን ነገር ነው።

ለእኔ ከሁሉ የከበደኝ ጾሙ ነበር። የመጀመሪያውን ረመዳን ሐኪሜ ከለከለኝ፤ ልጆቼ እየጾሙ እኔ በቀን ውሃ ስጎነጭ ዕንባዬ ይመጣ ነበር። የሰፈራችን ሸይኽ የታመመ ሰው እንደሚፈቀድለትና ሲሻለው ቀኑን እንደሚከፍል አስረድተው አሳረፉኝ። በሁለተኛው ዓመት በሐኪም ፈቃድ ጾምኩ፤ ነገር ግን ትንሿ ጨጓራ ብዙ ውሃ በአንዴ ስለማትቀበል ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ድረስ ሌሊቱን በጥቂት በጥቂቱ መጎንጨት ነበረብኝ። ወዳጃ (የዱዓ ስብሰባ) ላይ ጫት የምትቅም ከሆነ ደግሞ ልብ በል። ጫት የምግብ ፍላጎትን ይዘጋል፤ ሆድን ያደርቃል፤ አብሮት የሚጠጣው ለስላሳም ስኳር ነው። ትንሽ ለሚበላ ሰው ያችኑ ትንሽ መዝለል ጡንቻን ያሟሽሻል። እኔ ዱዓው ላይ እቀመጣለሁ፤ ቡናውን እጠጣለሁ፤ ጫቱን ግን ትቼዋለሁ።

ቆዳዬ ሆዴና ደረቴ ላይ ተንጠልጥሎ ቀርቷል። ከሸሚዝ በታች ያለ ነገር ስለሆነ ለምጄዋለሁ።

መልስ 2፦ ነርስ ነኝ (ደሴ)

ጤና ይስጥልኝ፣ ወንድሜ። መጀመሪያ የፀጉርዎን ጉዳይ ላስረዳ፤ ክብደት በፍጥነት ሲቀንስ ሰውነት የፀጉርን ዕድገት ለጊዜው ስለሚገታ ከሦስተኛው እስከ ስድስተኛው ወር ድረስ ፀጉር መርገፉ የተለመደ ነው፤ ፕሮቲንና አይረን ካልጎደለ ተመልሶ ያድጋል።

ያፈሩበትን ጥያቄ በተመለከተ፣ ብዙ ወንዶች ሳይጠይቁት የሚቀሩ ነገር ነውና መጠየቅዎን አደንቃለሁ። የስብ ሕዋሳት ቴስቶስቴሮንን ወደ ኤስትሮጅን የሚቀይር ኢንዛይም አላቸው፤ ስለዚህ በጣም የወፈረ ወንድ የወንድነት ሆርሞኑ ብዙ ጊዜ ዝቅ ያለ ነው። ክብደቱ ሲወርድ ሆርሞኑ ከፍ ይላል፤ የብዙዎችም የግንኙነት ብቃት ይሻሻላል። በመጀመሪያዎቹ ወራት ግን ሰውነት በጥቂት ምግብ ስለሚኖር ድካምና የፍላጎት መቀዝቀዝ ሊኖር ይችላል። ወራት አልፈውም ካልተመለሰ በደም ምርመራ ይታያል፤ ስኳር በሽታ ራሱም ደም ሥርንና ነርቭን ስለሚጎዳ ሐኪምዎ ሊያውቀው ይገባል። ባለቤትዎም ምክንያቱን ከእርስዎ አፍ ይስሙት፤ ካልነገሯቸው ሌላ ነገር ሊጠረጥሩ ይችላሉ።

አንድ የሚያሳስበኝ ነገር አለ። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላማይድ የሚባለውን የስኳር ክኒን የሚወስዱ ከሆነ በድሮው መጠን መቀጠል ስኳርዎን አደገኛ ወደ ሆነ ዝቅታ ሊያወርደው ይችላል፤ የደም ግፊት መድኃኒትም እንዲሁ መከለስ አለበት። በስሊቭ ከጨጓራ አራት አምስተኛው ያህል ስለሚወጣ ቫይታሚን ቢ12ን ለመምጠጥ የሚረዳው ንጥረ ነገር ይቀንሳል፤ የእጅና የእግር መደንዘዝ ከዚህ ሊመጣ ይችላል፤ ስለዚህ ቫይታሚኑ የዕድሜ ልክ ነው፤ «ተሽሎኛል» ተብሎ አይቋረጥም። ለወገብ ሕመም ከመድኃኒት ቤት በቀላሉ የሚገዙትን ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንንም ያለ ሐኪም አይውሰዱ፤ ጨጓራ ላይ ቁስል ሊያወጡ ይችላሉ። ማስመለስ ለቀናት ከቀጠለ፣ በተለይ ዓይን ነገሮችን ሁለት ማየት ከጀመረ ወይም አካሄድ ከተንገዳገደ፣ የቫይታሚን ቢ1 እጥረት ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን ሆስፒታል ይሂዱ።

በቀን ከ60 እስከ 80 ግራም ፕሮቲን ያስፈልግዎታል። የአንድ እንቁላል ፕሮቲን ስድስት ግራም ያህል ብቻ ስለሆነ ያለ ዕቅድ አይሞላም፤ በጾም ወራት ደግሞ ምስር፣ ሽምብራና ባቄላ ከእንጀራው በፊት ይቅደሙ። ይህም ካልበቃዎ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ።

መልስ 3፦ የታካሚ ባለቤት (ደሴ)

ባለቤቴ የተደረገለት ባይፓስ የሚባለው፣ ጨጓራን አሳንሶ ከአንጀት ጋር በአቋራጭ የሚያገናኘው ቀዶ ሕክምና ነው። እኔ የምጨምረው ስለ ጠላና አረቄ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ሁለት መለኪያ ምንም የማይለው ሰው አሁን በአንዱ ፊቱ ይቀላል፤ መጠጡ ወደ ደሙ ቶሎ ስለሚገባ ነው ብለውናል። ሁለተኛውን ዓመት ሲያልፍ ደግሞ በምግብ ያጣውን ጨዋታ በመጠጥ መፈለግ ጀመረ፤ ቀስ በቀስ በየምሽቱ ሆነ። ተነጋግረን ተወው፤ ግን አስጨንቆን ነበር። ወንድሜ፣ በማኅበሩ ቀን ሰው እንዳይከፋው ብለው በምግቡ ፋንታ ጠላውን እንዳይጠጡ። ለእኔ ባለቤት በትንሽ ሳህን ለብቻው አቀርብለታለሁ፤ ከእኛ ጋር ከመሶቡ ዳር ይቀመጣል፤ ሁላችንም እስክንጨርስ እሱም ቀስ ብሎ እያላመጠ ይቆያል። ሲነሳ አብረን እንነሳለን።

ጠያቂ፦ የጦሳ ሥር ነጋዴ (ደሴ)

ሁላችሁንም ከልቤ አመሰግናለሁ። የምወስደው ግሊቤንክላማይድ ነበር፤ እህቴ ነርሷ የጻፉትን አንብቤ ትናንት ስኳሬን ተለካሁ፤ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ ሐኪሙ መድኃኒቱን አስቁሞ ለሚቀጥለው ሳምንት ቀጠረኝ፤ የቢ12 ምርመራም አዞልኛል። ለባለቤቴም ሁሉንም ነገርኳት፤ እሷ የራቅኋት መስሏት ስትጨነቅ ከርማ ነበር።

ዛሬ ጠዋት ለቅሶ ቤት የተናገሩኝ አባት ቤት ሄጄ ያደረግሁትን አንድ በአንድ አጫወትኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝና «ታዲያ ስንት ጉርሻ ይበቃሃል?» አሉኝ። አራት አልኳቸው። የማኅበሩ ዕለት አጠገቤ እንደሚቀመጡና አምስተኛውን ማንም እንዳያጎርሰኝ እንደሚጠብቁልኝ ነገሩኝ።