ንስሐ ገብተው ራሳቸውን መጥላት ያልተዉ ወጣቶችን እንዴት እንርዳ?

ሰንበት ተማሪ ዘኮምቦልቻ
ሰላም ለእናንተ ይሁን። በሰንበት ትምህርት ቤታችን፣ በተለይ ፋብሪካ በፈረቃ ከሚሠሩት ወጣቶች መካከል፣ ንስሐ ገብተው ቀኖናቸውንም ፈጽመው «እኔ አልረባም፤ እግዚአብሔርም ተጸይፎኛል» ከማለት ያልወጡ አሉ። ስንመክራቸው ሉቃስ 14፥26ን ያነሣሉ፤ ጌታ ራሱ ነፍሱን የማይጠላ ደቀ መዝሙሬ አይሆንም ብሏል ይላሉ። ምን እንመልስላቸው? በተግባርስ ከየት እናስጀምራቸው?

ቀሲስ ዘደሴ
ልጄ፣ ጥቅሱን ከማቴዎስ 10፥37 ጋር አስተያይተህ አስነብባቸው። እዚያ «ከእኔ ይልቅ» አባቱን ወይም እናቱን የሚወድ ይላል። የሉቃስም ከክርስቶስ አታስቀድሙ ማለት ነው። አለዚያማ አባትና እናትን አክብር ያለው አምላክ ወላጆቻችሁን ጥሉ ሊል ነው!

ችግሩ የሚበዛው ኑዛዜው ላይ ነው። ልጆቹ የሠሩትን ትተው በራሳቸው ላይ የፈረዱትን ፍርድ ይዘው ይመጣሉ። «አባ፣ እኔ ቆሻሻ ነኝ» ይላሉ። ካህን የሚፈታው ኃጢአትን ነው፤ ይህ ደግሞ ኃጢአት ሳይሆን ስድብ ነው። ስለዚህ ልጁ እንደከበደው ይመለሳል። ከመምጣታቸው በፊት ወረቀት ላይ አስጽፋቸው፦ ምን አደረግሁ? በማን ላይ? ስንት ጊዜ? «ውሸታም ነኝ» ይሰረዝና «ደመወዜን ለእናቴ አሳንሼ ነገርኳት» ይባል። ያኔ ካህኑ የሚያዝዘው ያገኛል፤ እውነቱን ንገራት፣ ይህን ያህል ስገድ ይለዋል። ቀኖና መጨረሻ አለው፤ ራስን መጥላት ግን መጨረሻ የለውም። ከተፈታ በኋላ ወረቀቱ ይቃጠል፤ ያንኑ ኃጢአት ዳግም ሳይሠራው ደጋግሞ መናዘዝ የካህኑን ፍትሐት አለማመን ነው።

ይሁዳም ተጸጽቷል፣ ሠላሳውንም ብር መልሷል (ማቴ 27፥3)። ኑዛዜውን የወሰደው ግን «እኛስ ምን አግዶን?» ወዳሉት ሰዎች ነው። ጴጥሮስ አልቅሶ ከወንድሞቹ ጋር ቆየ፤ ጌታም እዚያው አገኘው። ልጆቹ ብቻቸውን እንዳይሆኑ አጥብቃችሁ ያዙ።

አገልጋይ ከፒያሳ
ቀሲስ፣ ይባርኩኝ። የጸሎቱን መጠን ነገር ልጨምር። ዳዊት በየዕለቱ ሲከፈል ሰኞ ከ1 እስከ 30፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60 እያለ ይሄዳል። ከሌሊት ፈረቃ የወጣ ልጅ ሠላሳውን ጀምሮ አምስተኛው ላይ እንቅልፍ ሲጥለው «ጸሎት እንኳ አልችልም» ብሎ ሌላ ክስ ያገኛል። ከአቡነ ዘበሰማያት ጋር አንድ አጭር መዝሙር ይበቃዋል፤ መዝሙር 12 (በሌላው ቁጥር 13) «እስከ መቼ» ብሎ የሚጮኽ፣ ስድስት ቁጥር ብቻ ያለው ነው። ሳይዘለል ሲለመድ በንስሐ አባቱ ፈቃድ ይጨመራል።

መዝሙር 50ን (51) የሚወዱት ደግሞ «በዓመፃ ተፀነስሁ» ላይ ይቆማሉ። ዳዊት እዚያ አልቆመም! ንጹሕ ልብ ለምኗል፤ የመዳኑን ደስታም መልስልኝ ብሏል። እስከ መጨረሻው እንዲያነቡት አድርግ።

ነርስ፣ የአእምሮ ጤና
ወንድሜ፣ እነዚህን ደግሞ አጣራ፦ ሐዘኑ ወይም የነገር ሁሉ ጣዕም ማጣቱ ሁለት ሳምንት ሙሉ አልለቀቀውም? እንቅልፍና ምግብ ተዛብቶበታል? ሥራ መግባት አቅቶታል? ይህ የድባቴ ሕመም ሊሆን ስለሚችል ሕክምና ይፈልጋል። ራስህን ለማጥፋት አስበሃል ወይ ብለህ በግልጽ ጠይቀው፤ መጠየቁ ሐሳቡን አይተክልበትም። አዎ ካለና መንገዱንም ካሰበበት ለደቂቃ ብቻውን አትተዉት፤ ገመዱን፣ የተባይ መድኃኒቱን ከቤት አውጡና በዚያው ቀን ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል አድርሱት። ደሴ ሪፈራል የአእምሮ ሕክምና አለ።

መድኃኒት ከተጀመረ ለውጡ የሚታየው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ባለው ጊዜ፣ አንዳንዴም ዘግይቶ ነው። ብዙዎች በመጀመሪያው ሳምንት «አልሠራልኝም» ብለው፣ ወይም ጠበል ሲገቡ ያቋርጡታል። ጠበሉም ክኒኑም አብረው ይሂዱ።

ሰንበት ተማሪ ዘኮምቦልቻ
እግዚአብሔር ይስጥልን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾመውስ ክኒኑን መቼ ይውሰድ?

ነርስ፣ የአእምሮ ጤና
በቀን አንዴ ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ብዙ ጊዜ ወደ ማታ ማዛወር ይቻላል፤ ግን ያዘዘለትን ሐኪም ሳይጠይቅ አይቀይር።

ቀሲስ ዘደሴ
ሰዓቱ ካልተዛወረለት ወደ ንስሐ አባቱ ላከው። የታመመ ሰው በጾም አይገደድም፤ ይፈቅዱለታል።