ቦዬ እና ጅሬን በአንድ ቀን፦ የቱን በእግር፣ የቱን በባጃጅ?

እንግዳ ነኝ
ሰላም ለሁላችሁ። ጥር አጋማሽ ላይ አራት ሆነን ጅማ እንመጣለን፤ አንዷ እናታችን ናቸው። ሜዳ ላይ እስከ ሁለት ሰዓት ይራመዳሉ፣ ጉልበታቸው ግን ያስቸግራቸዋል። ያለን አንድ ሙሉ ቀን ብቻ ነው። የቦዬን ጨፌ፣ ከዚያ ጅሬን ያለውን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት በተቻለ መጠን በእግር ማየት እንፈልጋለን። የቱ ይቅደም? ጫማስ ምን ይሻላል?

አዌቱ ማዶ
ቦዬ ይቅደም፣ ጥያቄ የለውም። ወፍ የሚታየው ከንጋቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው፤ ፀሐይ ከጠነከረች በኋላ ሣር ውስጥ ይገባና ድምፁን ብቻ ትሰማላችሁ። ጨፌው ከከተማው በደቡብ ምሥራቅ በኩል ነው። ከመሀል ከተማ በእግር አንድ ሰዓት ከሩብ ያህል ይፈጃል፣ ግን አብዛኛው የአስፋልት ዳር ጉዞ ነውና ጉልበት አታባክኑበት። በኮንትራት ባጃጅ ሂዱ፣ ዋጋውን ከመሳፈራችሁ በፊት ተስማሙ፣ መመለሻውንም በዚያው ቅጠሩ። እግራችሁን ለጨፌው ዳርቻ አቆዩት።

እዚያ ስትደርሱ ሦስት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሣሩ ላይ በዘፈቀደ አትግቡ። ለጡብ ሥራ ሸክላ አፈር የወጣባቸው ጉድጓዶች ውኃ ሞልተው ሣር ይሸፍናቸዋል፤ ከላይ ደልዳላ መሬት የመሰለው ሊውጣችሁ ይችላል። ከብት የረገጠውን መንገድ ተከተሉ፣ ከብት የት እንደሚረገጥ ከኛ በላይ ያውቃል። ሁለተኛ፣ ውኃውን በባዶ እግር አትርገጡ፣ እጅም አትታጠቡበት። የአዌቱ ወንዝ ከተማውን መሀል ለመሀል አቋርጦ፣ የከተማውን ቆሻሻ ይዞ የሚገባው እዚሁ ነው፤ ወደ ግልገል ጊቤ የሚወርደው ከዚህ በኋላ ነው። ሦስተኛ፣ ጉማሬ። ማየት ዕድል ነው፣ ዋስትና የለውም። ካያችሁ ግን በእሱና በውኃው መካከል አትቁሙ፤ ሰው የሚጎዳው ወደ ውኃው ሲሮጥ መንገዱ ላይ ያገኘውን ነው። ሊነጋ ሲል ከግጦሽ ስለሚመለስ ጨለማው ሳይገፈፍ አትድረሱ።

ራሷ ላይ ወርቃማ ዘውድ ያላትን ረጅም ጥቁር ወፍ ፈልጉ። ብዙ ጊዜ ጥንድ ሆነው ነው የሚታዩት። ከተጠጋችኋቸው ይነሳሉ፤ አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር (ባይኖኩላር) ካላችሁ ይዛችሁ ኑ።

ቀይ አፈር
በቦዬው እስማማለሁ። ጅሬን ላይ ግን ስህተት እንዳትሠሩ። ከመሀል ከተማ ከ7 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው፣ እየወጣችሁ ነው የምትሄዱት። ከቦዬ ተመልሳችሁ ቁርስ በልታችሁ 5 ሰዓት ላይ ዳገቱን ከጀመራችሁ የቀኑ ሙቀት ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ትለፋላችሁ፣ ቤተ መንግሥቱ ጋ ስትደርሱ የማየት ፍላጎታችሁ አልቋል። ወደ ላይ በባጃጅ ውጡ፣ ጎብኙ፣ በእግር ውረዱ። ስትወርዱ ከተማው ፊት ለፊት ይታያችኋል፤ በየጓሮው የጥላ ዛፍ ስር ያለው ቡና፣ እንሰቱ፣ አንዳንዴም ጉሬዛ። ከ10 ሰዓት በፊት መውረድ ጀምሩ፣ ጥር ላይ ከ12 ሰዓት ተኩል በኋላ ይጨልማል።

ቡናው ውስጥ በአቋራጭ አትግቡ። ጥር ላይ ለቀማው ያለፈ ቢሆንም ደጅ የተሰጣ ቡና ይኖራል፤ መርገጥ ነውር ነው፣ መሻገርም ደስ አይልም።

ጫማ፦ ሶሉ ጥርስ ያለው። ታኅሣሥና ጥር ደረቁ ጊዜ ነው፣ ነገር ግን ጅማ በበጋም ያካፋል። ይህ አፈር ሲርስ እንደ ሳሙና ነው። ሶሉ የለሰለሰ ስኒከር ዳገት ላይ ይታገሣል፣ ቁልቁለት ላይ ይጥላል። አንድ አንድ ዱላ፣ ለሰው ሁለት ሁለት ሊትር ውኃ።

የቡና ልጅ
@ቀይ አፈር፣ ለሦስቱ ልክ ነው፣ ለእናትየው ግን አይሆንም። የታመመ ጉልበትን ከዳገት ይልቅ ቁልቁለት ነው የሚጎዳው፣ ክብደቱ በሙሉ እሱ ላይ ስለሚያርፍ። እሳቸው የጠዋቱን ሜዳ ቦዬ ላይ ይራመዱ፣ ከጅሬን ግን በባጃጅ ይውረዱና ከተማ ቡና እየጠጡ ይጠብቋችሁ።

ቤተ መንግሥቱን በተመለከተ፦ የድንጋይ ግንብ ጠብቃችሁ እንዳትሄዱ፣ ዋናው ህንጻ በረንዳ ያለው የእንጨት ፎቅ ነው። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. የጅማ ንጉሥ የነበሩት ዳግማዊ አባ ጅፋር መኖሪያ ነበር። በቅርብ ዓመታት እድሳት ተደርጎለታል። ቢሆንም የቆየ እንጨት ነው፤ የበረንዳው አጥር ላይ ተደግፎ ፎቶ መነሳት ይቅር። አስጎብኚው ተራ ተራ ውጡ ካላችሁ እሺ በሉ።

ግቢው ውስጥ መስጊድ አለ። ዓርብ ከሆነ የጁምዓ ሶላት እስኪያልቅ ጉብኝቱን ወደ 9 ሰዓት ግፉት። ሴቶች ነጠላ ወይም ሻሽ ይያዙ፣ ሁላችሁም ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። መንገድ ከጠፋችሁ በኦሮምኛ «መሰራ አባ ጅፋር ኤሳ?» (የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የት ነው?) በሉ፣ ሕፃንም ያሳያችኋል፤ ከዚያ «ገላቶማ» (አመሰግናለሁ) ማለት አይርሳችሁ።

ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ሐሙስ ይሁን። የሂርማታ ገበያ ከጥንት ጀምሮ ቀኑ ሐሙስ ነው፤ ጅማ ራሷ ያደገችው ከላይ በጅሬን ቤተ መንግሥት፣ ከታች በዚህ ገበያ መካከል ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለ ባለ ሦስት እግር በርጩማ ካማራችሁ ስትመለሱ ግዙ፤ ጠዋት ገዝታችሁ ቀኑን ሙሉ እንዳትሸከሙት።

እንግዳ ነኝ
በጣም አመሰግናለሁ። ሐሙስ አድርገነዋል። እናታችን ቦዬ ላይ ስንት ይራመዱ?

አዌቱ ማዶ
በዳርቻው ሄደው ሲመለሱ 3 ኪሎ ሜትር ይበቃቸዋል። ማረፊያ ወንበር ስለሌለ ትንሽ ምንጣፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ ጤዛው እስከ 2 ሰዓት ተኩል አይነሳም።