የጥቅል ሶፍት መያዣው ወረቀቱን እጅ ላይ ይበጥሳል

ጥያቄ፦ ፒያሳ ላለ ካፌ ግድግዳ ላይ የሚገጠም የጥቅል ሶፍት መያዣ በላሜራ እየሠራሁ ነው። በእርጥብ እጅ ሲሳብ ወረቀቱ መቁረጫው ጥርስ ጋ ሳይደርስ ጣት ሥር ይበጠሳል። ጥርሱን ላሹለው?

መልስ 1፦ ጥርሱን አትንካው። ጥቅሉ ከብዶ ስለሚዞር ነው። የካርቶኑን ቀዳዳ ለካና ጥቅሉ የሚዞርበትን ዘንግ ከቀዳዳው በ2 ሚሊ ሜትር አቅጥነው፤ የጥቅሉ ጎንም ከላሜራው ጋር እንዳይፋተግ በየበኩሉ 3 ሚሊ ሜትር ተውለት።

መልስ 2፦ በጣም ካላላኸው ግን በራሱ እየተተረተረ ወለል ይደርሳል። በአንድ ጎን የፕላስቲክ ዋሸር ከለስላሳ ስፕሪንግ ጋር አስገባ። የወረቀቱ ጫፍ ከጥርሱ በታች 8 ሴንቲ ሜትር ያህል ይንጠልጠል፣ ሰው በሁለት እጁ እንዲይዘው።

መልስ 3፦ ወረቀቱንም ፈትሽ። ቁራጩን ውሃ ውስጥ ነክረህ አማስለው፤ ወዲያው ከተበታተነ የመጸዳጃ ሶፍት ነው። የእጅ ማድረቂያ ሶፍት ሲመረት ውሃ የሚያስችለው ሙጫ ይጨመርበታል።