ለክሬዚ ዴይ የሞጋምቦን ኮት አዳማ ላይ ማን ይሰፋልኛል?

የፍራንኮ ልጅ፦

ሰላም ቤተሰብ። ዘንድሮ ተመራቂ ነኝ። ክሬዚ ዴያችን ግንቦት መጨረሻ ላይ ነው። በየዓመቱ የሚለበሰው ያው ነው፤ ወንዱ ቀሚስ፣ ሴቷ የአባቷን ሱፍ፣ ጆንያ የሚያጠልቅም አይጠፋም። እኛ አራት ጓደኛሞች ግን የድሮ ፊልም ወንበዴዎችን ሆነን ልንመጣ ተስማምተናል። አክተር መሆን አንፈልግም። አክተርማ ጂንስና ካናቴራ ነው፣ ማን ዞር ብሎ ያይሃል?

አንዱ የ«ሾሌ»ውን ጋባር ሲንግ ይሆናል። አንዱ የ«ኤ ክሎክወርክ ኦሬንጅ»ን አሌክስ፣ አንዱ ደግሞ የ«ብሌድ ራነር»ን ሮይ ባቲ፣ ከነረጅም ጥቁር ካፖርቱ። እኔ የ«ሚስተር ኢንዲያ»ው ሞጋምቦ ነኝ። አባቴ በጉርምስናው ከቪዲዮ ቤት የማይጠፋ ሰው ነበር፤ አሁንም ሲቆጣን አገጩን ቀና አድርጎ ሞጋምቦን ይሠራል።

ችግሩ ብር የለም። ሰልባጅ ዞር ዞር ብዬ አይቻለሁ፤ ያገኘሁት ኮት ሁሉ የባንክ ሠራተኛ ያስመስላል። ልብስ የሚሰፋ ወይም ሐሳብ ያለው ካለ?

ባጃጅ ሰው፦

ካፖርት? በግንቦት? አዳማ ላይ? ልጁን ሳይመረቅ ልትጨርሱት ነው እንዴ! ሮይ ባቲ እኮ የሚዞረው ዝናብ በማያባራበት ሎስ አንጀለስ ነው። ቢያንስ ስስ ጨርቅ ያሰፋ፣ ገበርም አይኑረው።

ጋሽ መቀስ፦

ወንድሜ፣ እኔ እዚሁ አዳማ ልብስ ሰፊ ነኝ። የህንድ ፊልም ደግሞ በደንብ አውቃለሁ፤ ሱቄ ውስጥ ሌላ አይከፈትም።

መጀመሪያ ጋባርን ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1975 አምጃድ ካን የለበሰው የወታደር ልብስ ነው፣ ከነዝናሩ። ፊልም ላይ ያምራል። እኛ አገር ግን የሠራዊት የደንብ ልብስ ያለ ፈቃድ መልበስ በሕግ ያስቀጣል። የሚመስለውን ለብሶም በር ላይ ከጥበቃ ጋር መጨቃጨቅ አለ።

አሌክስ ርካሽ ነው። ነጭ ሸሚዝ፣ ነጭ ሱሪ፣ የሱሪ ማንገቻ፣ ጥቁር ክብ ባርኔጣ፣ ጥቁር ቡትስ። ለጥምቀት የገዛው ሸሚዝ ይበቃዋል። ከሱሪው በላይ የሚታሰረው ነገር የክሪኬት ተጫዋቾች ከውስጥ የሚያደርጉት መከላከያ ነው። ማልኮም ማክዳውል የክሪኬት ልብሱን ሲያሳየው ነው አሉ ኩብሪክ «ከላይ አድርገው» ያለው። እሱ ይቅርባችሁ፣ ግቢ ውስጥ መምህራን አሉ። ዋናው ሰው ሠራሽ ሽፋሽፍቱ ነው፤ በአንድ ዓይን ብቻ። ሁለቱም ላይ ከለጠፈው ሙሽራ ነው የሚመስለው።

አሁን ወደ አንተ። አምሪሽ ፑሪ እ.ኤ.አ. በ1987 የለበሰውን የሞጋምቦን ልብስ የሰፋው ማድሃቭ አጋስቲ የሚባል የቦምቤ ልብስ ሰፊ ነው። እጁ ይባረክ! ኮቱ የጄኔራል ይሁን የንጉሥ አይለይም፤ የማንም አገር ሠራዊት አይመስልም፣ ግን ሲያዩት ቀጥ ብለው ይቆማሉ። ደግሞ ልብ በል፤ አክተሩ ሸሚዙ ይቀደዳል፣ ጭቃ ላይ ይንከባለላል። ሞጋምቦ ላይ አንድ ጭምድድ አታገኝም። ስለዚህ ያንተም ኮት ሳትነካው ቀጥ ብሎ መቆም አለበት።

ከሰልባጅ ጥቁር ኮት ግዛ፤ ትከሻው ካንተ ትንሽ የሚሰፋ ይሁን። ገበሩን ፈትቼ ትከሻው ላይ ስፖንጅ እጨምርበታለሁ። ኮሌታውን ወደ ላይ አቁመን ውስጡ ጠንካራ ጨርቅ እናስገባለን። ወርቁ አያስጨንቅህ። የሙሽራ ካባ የሚሰፉ ሰዎች ጋ የጥለትና የዘርፍ ቁርጥራጭ ሞልቷል፤ ለምነህ አምጣ። ለደረቱና ለእጅጌው ጫፍ ያ ይበቃል። ራስህ ልስፋው ካልክ ግን የጥለቱን ጫፍ ሁለቴ እጠፈው። አለበለዚያ ዳንሱ ሲደምቅ ክሩ እየተተረተረ ሰው እግር ላይ ይጠመጠማል። ካውያም በቀጥታ እንዳታሳርፍበት፣ ይኮማተራል። ከላዩ ነጠላ ጣል አድርገህ ተኩሰው።

ሹሩባ፦

ጋሼ፣ በጋባር ላይ ፈረዱበት! እሱ የሚታወቀው በልብሱ ብቻ ነው እንዴ? ድንጋዩ ላይ ቀበቶውን እየጎተተ ሲመጣ አያስታውሱም? ቡናማ ሸሚዝ ይልበስ፣ አቧራ ይነስነስበት፣ ጺሙን ያሳድግ፣ ያረጀ የቆዳ ቀበቶ በእጁ ይጎትት። አቧራ እንደሆነ በአዳማ በነፃ ነው። ፊልሙን ያየ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ ጥበቃም ምንም አይለውም።

አንተ የፍራንኮ ልጅ ደግሞ ጸጉሩን ረስተሃል። ሞጋምቦ ቢጫ ዊግ አለው። ከእኛ ፀጉር ቤት አውስሃለሁ፤ ግን ታጥቦ ይመለስ።

የፍራንኮ ልጅ፦

ጋሼ እናመሰግናለን። ሹሩባ፣ ዊጉን ተቀብያለሁ፣ ለጋባርም እነግረዋለሁ። ሮይ ባቲ ግን ካፖርቱን አልተውም ብሎ ድርቅ ብሏል፤ ከሰዓት በኋላ ነው የምለብሰው ይላል። ጋሼ፣ የእጅ ስንት ይሆናል? መቼስ ልምጣ?

ጋሽ መቀስ፦

ዋጋውን ኮቱን ካየሁ በኋላ እንነጋገራለን፤ የተማሪ አደርግልሃለሁ። ግን ግንቦት ሳይገባ አምጣው፣ ከዚያ በኋላ ሠርግ ነው፣ እጄ አይገኝም። የካፖርቱንም ልጅ ይዘኸው ና፣ ልኩን ልውሰድ። እጅጌውን አሳጥሬ ጀርባውን ከኋላ ብቀድለት ትንሽ ንፋስ ያስገባል።