የአያቴ ባለ ሁለት አፍ ጠመንጃ የመሀል ብረቱ ተላቀቀ፣ እንዴት ላስይዘው?

ጥያቄ (ከደብረ ብርሃን)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአያቴ ለአባቴ፣ ከአባቴ ለእኔ የወረደ ባለ ሁለት አፍ የአደን ጠመንጃ አለን። ፈቃዱ አለው። አይተኮስበትም፣ ግድግዳ ላይ ነው የሚሰቀለው፤ ለቤታችን ግን ትልቅ ነገር ነው። ሰሞኑን ስወለውለው ሁለቱን አፈሙዞች ከላይ የሚያያይዘው ረጅም ጠፍጣፋ ብረት ከጫፉ አንድ ስንዝር ያህል ተላቆ አገኘሁት። ጥፍሬ ይገባበታል። ስጫነው ቡናማ ውሃ ይወጣል። አንድ በያጅ «አምጣው፣ በኤሌክትሪክ በአምስት ደቂቃ አስይዝልሃለሁ» አለኝ፣ እኔ ግን ፈራሁ። ከስሩ በእንቁላል ቅርጽ ውስጥ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት አሉት፣ ከላያቸው ዘውድ አለ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ (ከሸዋ ሮቢት፣ ብረታ ብረት ሠራተኛ)፦
ወንድሜ እንኳንም ፈራህ። ኤሌክትሪክ በፍጹም እንዳታስነካው! ያ ብረት ከመጀመሪያውም የተያዘው በስታኞ ነው፣ ማለትም በቆርቆሮና በእርሳስ ቅልቅል፤ በ190 ዲግሪ አካባቢ ይቀልጣል። የኤሌክትሪክ ብየዳ ግን ብረቱን ራሱን ነው የሚያቀልጠው። አፈሙዝ ስስ ነው፣ ይበሳል፣ ይጣመማል። የብር ብየዳም አይሆንም፣ ከ600 ዲግሪ በላይ ይፈልጋል፤ ያ ሙቀት አፈሙዙን ያለሰልሰዋል፣ ደህናውንም ስታኞ አፍስሶ ይጨርሰዋል።

አሁን አንድ ነገር ሞክር። ጥይት እንደሌለው ሁለቴ አይተህ አፈሙዙን ከሰደፉ ንቀልና በገመድ አንጠልጥለው። በእንጨት ቀስ ብለህ ምታው። ገበያ ላይ እንስራ ስትገዛ አንኳኩተህ እንደምታዳምጠው ማለት ነው። እንደ ደወል ከጮኸ ቀሪው ጤነኛ ነው፣ ድምፁ ከታፈነ ወይም ከነዘረ ውስጥ ውስጡንም ለቋል።

ጠያቂው፦
ሞከርኩት ጋሼ። የታፈነ ድምፅ ነው ያለው።

መልስ (ከአንኮበር)፦
እኔን ያሳሰበኝ ቡናማው ውሃ ነው። እኛ ጋ ጉሙ ቤት ድረስ ስለሚገባ ይህን በደንብ እናውቀዋለን። እርጥበቱ በመሀል ብረቱ ስር ይገባና አፈሙዙን ከማይታይበት በኩል ይበላዋል። እዚህ አገር የቆየ መሣሪያ ብዙ ነው፣ እንግሊዞቹ በ1841 እ.ኤ.አ. ለንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጠመንጃ በስጦታ ይዘው የመጡት እኮ አንኮበር ነው። ከእነዚህ አሮጌዎች ስንቱ በዝገት እንዳለቀ ሳስብ ያናድደኛል። ስለዚህ ዝገቱን ሳታወጣ ከላይ ብታጣብቀው በሽታውን ውስጥ ቆልፈህበት ማለት ነው። አፈሙዙ ላይ የነጠላ ጥለት የመሰለ መስመር ካለ ደግሞ ተጠምዝዞ የተቀጠቀጠ የደማስቆ ብረት ነውና የበለጠ ተጠንቀቅ፣ በዛሬ ጥይት አይሞከርም።

ያ ኢ፣ ኤል፣ ጂ የሚለው ምልክት የቤልጂየሟ ሊዬዥ ከተማ የጠመንጃ ፍተሻ ምልክት ነው። ዘውዱ የተጨመረው በ1893 እ.ኤ.አ. ስለሆነ ያንተ ከዚያ ወዲህ የተፈተሸ ነው።

መልስ (ከሸዋ ሮቢት)፦
ድምፁ እንዲህ ከሆነ ሥራው ያወቀ ሰው ይፈልጋል። ሁለቱ አፈሙዞች ትይዩ አይደሉም፣ ወደ ጫፉ ይቀራረባሉ፣ በመሀላቸውም ትንንሽ መደገፊያ ብረቶች አሉ። ሁሉም አንዴ ከቀለጠ አሰላለፉ ይጠፋል። ባለሙያው በሽቦ ጠበቅ አድርጎ ያስረዋል፣ ከሽቦው ስር ሽብልቅ ያስገባል። ከዚያ በፊት ዘይቱ በሶዳ ውሃ ተቀቅሎ መውጣት አለበት፣ ዘይት ባለበት ስታኞ አይይዝም። ቀጥሎ የሚገናኙትን ሁለት ፊቶች በስስ ስታኞ ይቀባቸዋል። ሙቀቱን ከውጭ በእሳት ከመለብለብ የጋለ የብረት ዘንግ ወደ አፈሙዙ ውስጥ ቢያስገባ እኩል ይዳረሳል።

መልስ (ከደብረ ሲና፣ ሬዲዮ ጠጋኝ)፦
ስታኞ የኔም እንጀራ ስለሆነ አንድ ነገር ልጨምር። ስታኞው እንዲይዝ የሚደረገው ማጽጃ ሮዚን (የጥድ ሙጫ) ይሁን፣ አሲድ ያለው አይሁን። አሲዱ ከስር ይቀርና ደግሞ ያዝገዋል። አሲድ ካልሆነ አልይዝ ካለ ግን ሲያልቅ በሶዳ ውሃ ደህና አድርጎ መቀቀል ነው። ቀለሙንም ተጠንቀቅ። በኮስቲክ ሶዳ ተፈልቶ የሚቀባው ጥቁር ቀለም ስታኞውን በልቶ ያላቅቅብሃል። የድሮዎቹ በቀስታ አዝገው፣ በፈላ ውሃ ቀቅለው ነበር የሚያጠቁሩት፤ ያንን ጠይቅ።

መልስ (ከመሐል ሜዳ)፦
ወረቀቱን አትርሳ ወንድሜ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 አለ። ወደ ጠጋኝ ከመውሰድህ በፊት ፖሊስ ጋ ሄደህ ጠይቅ፣ ለጥገና ፈቃድ ለሌለው ሰውም አትስጥ።

ጠያቂው፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። መስመሩን አየሁት፣ እውነትም ጥለት ይመስላል፣ ከዝገት በታች ነበር። ለበያጁ ይቅር አልኩት። ሰኞ ፖሊስ ጣቢያ እሄዳለሁ፣ እስከዚያ ውሃውን አራግፌ፣ ዘይት ቀብቼ ከጉም ርቆ ደረቅ ቦታ አስቀምጬዋለሁ። ለአባቴም ነገርኩት፣ «አያትህ እሳት ዳር ነበር የሚሰቅለው» አለኝ።