የሽያጭ ሲስተሜ 3 ሰከንድ ይፈጃል፤ ኔትወርኩ ነው ወይስ ኮዱ?

ጦሳ ሥር (ደሴ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ደሴ ፒያሳ ላለ የጨርቃ ጨርቅ ሱቅ የሽያጭ ሲስተም ሠርቻለሁ። ሰርቨሩ ፍራንክፈርት ነው። ካሸሯ «ሽጥ» የሚለውን ስትጫን ክቧ 3 ሰከንድ ያህል ትሽከረከራለች። ባለፈው ሰኞ ገበያው ደርቶ ሳለ «እምቢ አለ» ብላ ደግማ ተጫነች። አንድ ጋቢ ሁለቴ እንደተሸጠ ተመዘገበ። ማታ ሂሳብ ሲዘጋ ጎደለባት፤ ልጅቷ ከኪሷ ልትከፍል ነበር። ፒንግ ሳደርግ ግን 160 ሚሊሰከንድ ብቻ ነው። የቀረው ከየት መጣ?

ቦርከና (ኮምቦልቻ)፦
አብሽር ወንድሜ። ፒንግ የሚነግርህ የአንድ ደርሶ መልስ ጊዜ ነው። አንድ ሽያጭ ስንት ደርሶ መልስ እንደሚፈጅ ቁጠር። አዲስ ኮኔክሽን ለመክፈት ቲሲፒ (ስልኩንና ሰርቨሩን የሚያገናኘው ደንብ) አንድ ይወስዳል። መረጃውን የሚመሰጥረው ቲኤልኤስ፣ 1.3 ከሆነ ሌላ አንድ፣ የቆየው 1.2 ከሆነ ሁለት። ከዚያ ነው ሪኩዌስቱ (ለሰርቨሩ የሚላከው ጥያቄ) በሌላ አንድ ደርሶ መልስ የሚሄደው።

ርቀቱን አትታገለው። ብርሃን በፋይበር ውስጥ በ1 ሚሊሰከንድ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው የሚሄደው። ፍራንክፈርት በቀጥታ እንኳ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ስለዚህ ደርሶ መልሱ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች አይወርድም። ገመዱ ደግሞ ይዞራል። አንተ የምትቀንሰው ምልልሱን ነው። ስድስት ጥቅል ጨርቅ ከኮምቦልቻ ለማምጣት የሐረጎን ዳገት ስድስቴ አትወጣም፤ በአንድ መኪና ትጭነዋለህ።

ጦሳ ሥር፦
ቆጠርኩት። ዋጋ፣ ክምችት፣ ደንበኛ እያልኩ 6 ሪኩዌስት ተራ በተራ እልካለሁ። ለእያንዳንዱ አዲስ ኮኔክሽን፣ በቲኤልኤስ 1.3 ማለትም 3 ደርሶ መልስ! 6 በ3 ሲባዛ 18፤ 18 በ160 ሲባዛ 2,880 ሚሊሰከንድ፣ 3 ሰከንድ ገደማ። ቁጭ አለ።

ሐይቅ ዳር፦
አሁን በደንብ ለካው ወንድሜ። ከካሸሯ ስልክ ላይ፣ በሞባይል ዳታ፣ በገበያ ሰዓት። ቢሮ ተቀምጦ በዋይፋይ መለካት ያታልላል። ሰርቨሩ የፈጀበትን ጊዜ ከመልሱ ጋር ይላክልህ፤ ከጠቅላላው ስትቀንሰው የኔትወርኩ ድርሻ ይቀርሃል። የስልኩን ሰዓት ከሰርቨሩ ሰዓት ጋር ግን አታወዳድር፤ ሁለቱ እኩል አይሄዱም። አማካዩን ብቻም አትመን። መሃለኛውንና 95ኛውን ፐርሰንታይል (ከ100 ሽያጭ 95ቱ የማይበልጡትን ጊዜ) እይ። ካሸሯን የሚያስጨንቃት ያ የዘገየው ነው።

ሰኞ ገበያ፦
ስለ ጋቢው ልናገር። ሲስተሙ ቢፈጥንም ያ ችግር አይጠፋም። መልስ ቀረ ማለት ሽያጩ አልተመዘገበም ማለት አይደለም፤ ተመዝግቦ መልሱ መንገድ ላይ ሊጠፋ ይችላል። ሽያጩ ሲጀመር ስልኩ ልዩ ቁጥር ይስጠው። ሲደገምም ያው ቁጥር ይላክ። ዳታቤዙ ላይ ቁጥሩ እንዳይደገም ዝጋው፤ ሁለተኛ ከመጣ ሰርቨሩ የበፊቱን ደረሰኝ ይመልስ። ድጋሚ ሙከራውን በ1፣ በ2፣ በ4 ሰከንድ አራርቀው። ኔት ተቋርጦ ሲመለስ ሁሉም ስልክ እኩል እንዳይንጋጋ ትንሽ የዘፈቀደ ልዩነት ጨምርበት።

ጦሳ ሥር፦
ስድስቱን አንድ አደረግኳቸው፤ ኮኔክሽኑም ክፍት ይቆያል። አሁን ከ200 ሚሊሰከንድ ትንሽ ከፍ ይላል። ልዩ ቁጥሩንም አስገባሁ። ለካሸሯ «ሁለቴ ብትጫኚም ምንም አይመጣብሽ» አልኳት። ሰኞ ከስልኳ ለክቼ 95ኛውን እጽፍላችኋለሁ። አላህ ይስጥልኝ!