"ስንት ሬን አላችሁ?" አልኳቸውና ዝም አሉኝ። ምን አጠፋሁ?

ትዕግስት፦

ሰላም ለሁላችሁ። ስዊድን፣ ኪሩና ከመጣሁ ሰባት ወር ሆነኝ። በየቤቱ እየዞርኩ አረጋውያንን እረዳለሁ። ከማያቸው አንዷ ሳሚ ናቸው፣ የዚህ የሰሜኑ ምድር የጥንት ባለቤቶች። ቡና ነፍሳቸው ነው። ሲኒው ውስጥ አይብ ቆራርጠው ይጨምራሉ (አትሳቁ፣ ለምጄዋለሁ)።

ባለፈው ሳምንት ለጨዋታ ያህል "ስንት ሬን አላችሁ?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ለማታውቁት፣ ሬን እዚህ የሚረባው የበረዶ አጋዘን ነው። ፊታቸው ወዲያው ተለወጠ። ሲኒያቸውን አስቀመጡና በመስኮት ማየት ጀመሩ። እስክወጣም አላናገሩኝም። ምን አጠፋሁ?

ሌላም አለ። ሥራ ቦታ "አዲስ ማዕድን ተገኝቶ ሳሚዎቹ እምቢ አሉ" ይባላል። ከተማው እንዳለ የሚበላው ከማዕድኑ አይደል? ለምንድን ነው የሚቃወሙት?

ሾፌሩ፦

እህቴ ትዕግስት፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ አውቶቡስ ስነዳ ዘንድሮ 14ኛ ክረምቴ ነው።

የሬኑ ነገር ቀላል ነው። "ባንክ ስንት ብር አለዎት?" ብለሻቸዋል ማለት ነው። እኔም በመጀመሪያው ዓመት አንድ ተሳፋሪ ጠይቄ ነበር። "ከዛፉ ወዲህም ወዲያም አሉ" ብሎኝ ወረደ። ለካ እንደዚህ ዓይነት ጥያቄ የሚመለሰው እንደዚያ ነው። ደግሞ እኮ አዲስ ነገር አይደለም። አያቴ ከብቱን የሚቆጥርበት ሰው ሲያይ በዱላ ነበር የሚያባርረው። አገሬ እያለሁ የማውቀውን ነገር እዚህ በረዶ ውስጥ ረሳሁት።

ይቅርታ እያልሽ አታድክሚያቸው። ጥሬ ቡና ይዘሽ ሂጂና እዚያው ቆልተሽ ጭሱን አሽቻቸው። ደግሞ "ላፕ" የምትለውን ቃል ከአፍሽ አውጪ። የድሮ መጽሐፍ ላይ ሳሚዎቹ "ላፖች" ተብለው ተጽፈው ታገኚያለሽ፣ ለእነሱ ግን ስድብ ነው።

የማዕድኑ ጉዳይ ግን ረዘም ይላል። ዓመተ ምሕረቱን በፈረንጅ ነው የምጽፍልሽ።

ከስሙ እንጀምር። ሳሚዎቹ ይህችን ከተማ ጊሮን ነው የሚሏት። ጊሮን ማለት በረዶ ላይ የምትኖር፣ ክረምት ላይ ነጭ የምትሆን፣ ቆቅ የምትመስል ወፍ ናት። ኪሩና የሚለውም ከዚያው የመጣ ነው። የማዕድን ኩባንያው ኤልኮአቤ ሙሉ ስሙ ሲዘረዘር የሁለት ተራሮች ስም ነው። ኩባንያው በ1890 ተቋቋመ፣ ከተማው በ1900 ተቆረቆረ፣ ብረቱን ኖርዌይ ናርቪክ ወደብ የሚያደርሰው ባቡር በ1903 ተመረቀ። ከዚያ በፊት እዚህ የነበረው የሬን መንገድ ነው።

ከዚህ በስተደቡብ ናሳ የሚባል ተራራ አለ። በ1635 ገደማ የስዊድን መንግሥት እዚያ ብር ማውጣት ጀመረ። ብሩን በሬን ጎትተው የሚያወርዱት ሳሚዎቹ ነበሩ፣ በግዳጅ። እምቢ ያለውን በገመድ አስረው ቀዝቃዛ ወንዝ ውስጥ ይነክሩት ነበር። ስለዚህ "ማዕድን ተገኘ" ሲባል እኛ የምንሰማውና እነሱ የሚሰሙት አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ኪሩና። ሌሊት ሰባት ተኩል ገደማ አልጋሽን ነቅነቅ የሚያደርገው ነገር ከመሬት በታች የሚፈነዳው ድማሚት ነው። የብረቱ ድንጋይ ቀጥ ብሎ አይወርድም፣ ተዘንብሎ ወደ ከተማው ሥር ይገባል። ሲወጣ ከላይ ያለው አለት ይደረመሳል፣ መሬቱ ይሰነጠቃል። በ2004 ከተማው ይነሳ ተባለ። በነሐሴ 2025 ቤተ ክርስቲያኑን ሳያፈርሱ፣ 672 ቶኑን እንዳለ ተሽከርካሪ ላይ ጭነው 5 ኪሎ ሜትር ወሰዱት። ሁለት ቀን ፈጀ። ፔርሙዝ ይዤ ቆሜ አየሁት። ቅርጹ የተወሰደው ከሳሚ መኖሪያ ነው። አጠገቤ የቆሙ አንድ ሽማግሌ "ድንኳን ድሮም ይነቀላል" አሉኝ። ቀልድ ይሁን ምሬት እስከዛሬ አልገባኝም።

ሬን ክረምቱን በስተምሥራቅ ጫካ ውስጥ ይከርማል። ጸደይ ሲመጣ ለመውለድ ወደ ምዕራብ ተራሮች ይወጣል። እንደ ጋብና ያሉት የአርቢ ማኅበራት (ሳሜቢ ነው የሚሏቸው፣ በስዊድን 51 ናቸው) መንጋውን የሚነዱት በማዕድኑ፣ በከተማው፣ በሐዲዱና በአስፋልቱ መካከል በቀረችው ጠባብ መሹለኪያ ነው። በጥር 2023 ኩባንያው ፔር ጌየር በሚባለው ቦታ ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ ብርቅዬ የምድር ማዕድናት እንዳገኘ አሳወቀ። አውሮፓ ጨፈረች። ቦታው ግን ያቺ የቀረችው መሹለኪያ ናት። እሷ ከተዘጋች የበጋውና የክረምቱ ግጦሽ ለሁለት ይቆረጣል።

በዚያ ላይ አየሩ ተበላሽቷል። ድሮ በረዶ ብቻ በሚጥልበት ወር አሁን ዝናብ ይመጣል። ዝናቡ መሬት ላይ እንደ መስታወት ይጋገራል። ሬኑ ከሥር ያለውን የድንጋይ ሽበት መሳይ ምግቡን ያሸተዋል፣ በሰኮናው ቢጭር ግን አይሰበርለትም። ያኔ ባለቤቱ መኖ ገዝቶ ይቀልባል። ወጪውን አስቢው።

አንድ ምክር ልጨምርልሽ። መንገድ ዳር እንጨት ላይ ጥቁር ላስቲክ ታስሮ ካየሽ ቆሻሻ አይደለም። "ሬን አለ፣ ፍጥነት ቀንስ" ማለት ነው።

ባለ ሄልሜት፦

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ጥሩ ጽፈሃል፣ ግን ግማሹን ነው። እኔ የምሠራው ማዕድኑ ውስጥ፣ 1365 ሜትር ከሚሉት ወለል ላይ ነው። ማዕድኑ ባይኖር አንተ የምትጭነው ሰው አይኖርም፣ ትዕግስትም የምትረዳው። እዚያ ታች ሳሚ ባልደረቦችም አሉኝ። አንዱ ቅዳሜ ሬን ይጠብቃል፣ ሰኞ ከኔ ጋር ይወርዳል።

አዲስ አበባ ያለው ወንድሜ ደግሞ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። የነዳጅ መኪና ማስገባት በ2024 ስለተከለከለ ምርጫም አልነበረው። ሞተሩ ውስጥ ያለው ማግኔት የሚሠራው ከነዚሁ ብርቅዬ ማዕድናት ነው። ዛሬ በብዛት የሚመጣው ከቻይና ነው። ከአንድ ቦታ መውጣቱ ካልቀረ፣ ሕግ ካለበት አገር ቢወጣ ምናለበት?

ከትሮንድሄም፦

ሕግ ስላልክ ነው የገባሁት። እዚህ ኖርዌይ ፎሰን ላይ 151 የንፋስ ተርባይን የሳሚ የክረምት ግጦሽ ላይ ተተከለ። ሰዎቹ ተከራከሩ። በጥቅምት 2021 የጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 11 ዳኞች በሙሉ ድምፅ ፈቃዱ ዋጋ የለውም፣ መብታቸው ተጥሷል አሉ። ተርባይኑ ግን መዞሩን ቀጠለ። 500 ቀን አለፈ። በየካቲት 2023 ወጣቶቹ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው ኦስሎ የኢነርጂ ሚኒስቴር ውስጥ ወለሉ ላይ ተቀመጡ፣ የአየር ንብረት ተሟጋቿ ግሬታ ቱንበርግም አብራቸው ነበረች። ፖሊስ አንድ በአንድ ተሸክሞ አወጣቸው። በኋላ፣ በ2023 መጨረሻና በ2024 መጀመሪያ፣ በካሳና በስምምነት ተቋጨ። ዛሬም በዚያ ሳልፍ ተርባይኑ ይዞራል። ሕግ ያለበት አገር እንግዲህ ይሄ ነው።

ሾፌሩ፦

ባለ ሄልሜት፣ ደመወዜ ከየት እንደሚመጣ አልካድኩም። እህታችን የጠየቀችው ግን ለምን እንደሚቃወሙ ነው። በ2020 እዚሁ ስዊድን የጊርያስ ሳሜቢ የአደንና የዓሣ ማጥመድ ፈቃድ የመስጠት መብት የኛ ነው ብሎ መንግሥትን ጠቅላይ ፍርድ ቤት ገትሮ ረታ። ከዚያ በኋላ ስንት ሳሚ ተሳፋሪዬ መንገድ ላይ እንደተሰደበ እኔ አውቃለሁ። ጓደኛህን አንድ ሰኞ ጠይቀው።

ትዕግስት፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ጋሼ ሾፌር፣ እንዳሉኝ አደረግኩ። ዛሬ ቡና ይዤ ሄጄ እዚያው ቆላሁላቸው። የጭስ መጠቆሚያው ጮኾ ጎረቤት ሁሉ ወጣ፣ እሱን ተዉት። ቡናውን በጨው ጠጡት፣ አያቴም እንደዚያ ነበር የምትጠጣው። ሦስተኛው ላይ ሲደርሱ ቀና ብለው "እናትሽ አገር ቤት ስንት በግ አላት?" አሉኝ።

"ካጥሩ ወዲህም ወዲያም አሉ" አልኳቸው።

ሳቃቸው እስኪያልቅ ሲኒውን ያዝኩላቸው።